አራት ጣት

የኖራ ድንጋይ ኮረብታ እንደ ሌላ ተራራ አይደለም። ሌላው ተራራ የዘነበበትን ውሃ በጀርባው ያወርዳል፤ ሁሉም ያየዋል። የእኛ ኮረብታ ግን ይውጠዋል። ዝናብ ሲጥል ጅረቶቹ እየዘለሉ መጥተው በድንጋዩ ስንጥቅ ይገቡና ድምፃቸው እንኳ ይጠፋል። ከሁለት ቀን በኋላ ከታች፣ ከከተማው ዳር ካለው ምንጭ፣ ጠርተውና ቀዝቅዘው ይወጣሉ። በመሐሉ የት እንዳደሩ ማንም አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ይህን ለልጆች ስነግራቸው ዐይናቸው ይፈጥ ነበር። ዛሬ ለከተማው ሰው ብነግረው "ታዲያ ምን ይጠበስ?" ይለኛል።

ምን እንደሚጠበስ ልንገረው። ይህ ኮረብታ የባሕር ወለል ነበር። የቤቴን ግድግዳ በጥፍር ብፍቀው የዛጎልና የቀንድ አውጣ ቅርፅ ይወጣል። ያ "ምን ይጠበስ" የሚለው ሰው የተወለደበት ክፍል የተለሰነው ኖራ አቃጣዮች ከዚህ ቆፍረው ባቃጠሉት ድንጋይ ነው፤ ምድጃቸው ዛሬ የጃርት ቤት ሆኗል። በጦርነቱ ጊዜ የሦስት መንደር ሰው ሰሜን በኩል ባለው ዋሻ አርባ ቀን ተደብቆ በሕይወት ወጥቷል። ጥላሸቱ እስከ ዛሬ ጣሪያው ላይ አለ። የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ነው አሁን ዋሻው ተፈጭቶ ሲሚንቶ ቢሆን የሚወደው።

ያልተጣላሁት ሰው ካለ ገና ያልተዋወቅኩት ነው ይላሉ። ሐሰት አይደለም። ኮረብታው ላይ ያለው ቤት የአባታችን ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ተወልደንበታል፤ አሁን የምኖርበት እኔ ብቻ ነኝ። አፌን ከፍቼ ሰው ሳላናግር የሚመሽበት ቀን ይበዛል። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን ቀጠሮ ነበረኝ፤ ከሌሊት ወፎቹ ጋር።

ጡረታ በወጣሁ ዓመት መቁጠር ስጀምር በአንድ ምሽት ስድስት ሺህ ገደማ ይወጡ ነበር። ጀምበር ስትጠልቅ ከዋሻው አፍ እንደ ጭስ ተጠቅልለው ይነሱና በሸለቆው ላይ ይበተናሉ። ሰው ይጸየፋቸዋል። ማሳው ላይ ያለውን ተባይ ሌሊቱን ማን ሲለቅምለት እንደሚያድር ግን አይጠይቅም።

በዚያን ጊዜ ጠላታቸው ኩስ ለቃሚው ነበር። ኩሳቸውን ለማዳበሪያ የሚሸጡ ሰዎች ችቦ ይዘው እየገቡ በጭስ ያፍኗቸዋል። ለሦስት መሥሪያ ቤት ጻፍኩ። አንዱም አልመለሰም። ራሴ በያጅ ጠርቼ የዋሻውን አፍ በብረት ፍርግርግ ለማሳጠር ተነሳሁ።

"ብረቱን በስንት በስንት ላራርቀው?" አለኝ በያጁ።

"የልጅ ጭንቅላት በማያሳልፍ። በአራት ጣት።"

አራት ጣቱን ገጥሞ ወደ ዋሻው አፍ አሳየኝ። "እትዬ፣ ይሄ እኮ የወህኒ መስኮት ነው። ክንፍ ያለው ነገር በዚህ እንዴት ያልፋል?"

"አንተ ስለ ሌሊት ወፍ ጥናት ሠርተሃል?"

"ኧረ እኔ የማውቀው ብረት ነው።"

"እንግዲያው ብረትህን በይድ።"

በየደ። ኩስ ለቃሚዎቹም ከፍርግርጉ ፊት ቆመው ሁለት ቀን ሰድበውኝ ሄዱ። እኔ ኮራሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ወፎቹ አራት ሺህ ሆኑ። ከዚያ ሁለት ሺህ። በዚያው ጊዜ በደቡብ በኩል የድንጋይ ካባ ተከፍቶ ነበርና ጥፋተኛውን ለማግኘት ሩቅ አልሄድኩም። የካባው ፈንጂ አፈንጂ ደግሞ ወንድሜ ነበር። ጋዜጣ ላይ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ፤ ርዕሱን "ከአባቱ መቃብር ሥር ፈንጂ የሚቀብር" አልኩት። ስሙን አልጠራሁም። ማን መሆኑን የማያውቅ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ጋዜጣውን በእጁ ይዞ ወደ ቤቴ ወጣ።

"እታለም፣ እኔ የማፈነዳው በስድስት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። እነሱ የሚወጡት ማታ ነው። ዋሻው ከካባው አራት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ንዝረቱ እንደማይደርስ በመሣሪያ ለክተነዋል።"

"የለካው ማን ነው? ደመወዝህን የሚከፍልህ!"

"አንቺስ ምን ለካሽ?"

"እኔ የሞቱትን ቆጥሬያለሁ!"

ውሸት ነበር። የቆጠርኩት የወጡትን ብቻ ነው።

የካባው ድርጅት ጋዜጣውን ዝም ለማሰኘት ወንድሜን አባረረ፤ ፍንዳታው ግን አንድ ቀን አልተቋረጠም። ድርጅት እንዲህ ነው፤ ሰው ይጥልና ሥራውን ይቀጥላል። ወንድሜ ከተማ ወርዶ የመጋዘን ዘበኛ ሆነ። ሦስት ዓመት አልተነጋገርንም።

ዘንድሮ ድርጅቱ የኮረብታውን ሰሜን ፊትም ጠየቀ፤ ዋሻው ያለበትን። ከአካባቢ ጥበቃ ቢሮ አንድ ባለሙያ ሊመረምር መጣ። መመሪያው ግልጽ ነው። ወፎቹን የቀነሳቸው ፍንዳታው ከሆነ ኮረብታው በሙሉ ለድንጋይ ሥራ ይዘጋል። ሌላ ምክንያት ከሆነ ሰሜኑ ፊት ይሰጣል።

ባለሙያው እያነከሰ፣ እያለከለከ መጣ።

"እማማ፣ ዋሻው ገና ነው?"

"የወለድኩህ መሰለህ? መምህርት በለኝ።"

"ይቅርታ መምህርት። ጉልበቴ ነው እንጂ እኔስ ጨዋ ነበርኩ።"

ሳላስበው ሳቅሁ። ከቦርሳው በፕላስቲክ የተለበጠ ቁራጭ ጋዜጣ አወጣ፤ የእኔን ግማሽ ገጽ። "ይቺን ቢሮ ውስጥ ያላነበበ የለም። ያንን ሰውዬ አከናንበውታል እኮ! ለመሆኑ የት ገባ?"

"ታናሽ ወንድሜ ነው" አልኩት።

ጋዜጣውን ቀስ ብሎ ወደ ቦርሳው መለሰ።

እኔ ስቆጥር ሁልጊዜ ከዋሻው በላይ ያለው ቋጥኝ ላይ ወጥቼ፣ ጀርባዬን ለዋሻው ሰጥቼ፣ ወደ ምዕራብ እያየሁ ነው። የሌሊት ወፍ የሚቆጠረው በብርሃን ሰማይ ላይ ሲያልፍ ብቻ ነውና። ስለ ሌሊት ወፍ ያነበብኩት መጽሐፍም የሚለው ይህንኑ ነው። ባለሙያው ግን ቋጥኙን ሲያይ ጉልበቱን ይዞ ራሱን ነቀነቀ። ስለዚህ ከፍርግርጉ ፊት ለፊት፣ አሥር እርምጃ ርቀን፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እሱ ቀይ መብራቱን አበራ፤ እነሱን አይረብሽም። በአምስት ዓመት ውስጥ በዚያ ሰዓት ወደ በሩ ስመለከት የመጀመሪያዬ ነበር።

መጀመሪያ አንዱ መጣ። እየበረረ መጥቶ ብረቱ ጋ ሲደርስ አየር ላይ ተንቀጠቀጠና ተመለሰ። ሌላው መጣ፤ ተመለሰ። ከብረቱ በስተኋላ መዞር ጀመሩ፤ አሥር ሆኑ፣ መቶ ሆኑ፣ እየመጡ እየተመለሱ። በመጨረሻ አንዱ ክንፉን አጥፎ በሁለቱ ብረቶች መካከል ራሱን ወረወረና እንደ ደረቅ ቅጠል መሬት ላይ ወደቀ። በክንዶቹ እየዳኸ ሊነሳ ሲል ከጎን ካለው ጠርዝ ላይ ጉጉት ወረደች። ድምፅ እንኳ አልነበራትም። ይዛው ወደ ጠርዟ ተመለሰችና ቀጣዩን መጠበቅ ጀመረች። ቦታዋን ታውቃለች፤ ጠርዙ ከኩሷ ብዛት ነጥቷል። ከፍርግርጉ ሥር መሬቱ ላይ የተበታተነውን የረገፈ ቅጠል እያልኩ ስረግጠው ኖሬያለሁ። ክንፍ ነበር።

ባለሙያው መቁጠሪያውን በአውራ ጣቱ ይጫናል። ያየው የሚወጡትን ነው። እንደኔ።

"ሁለት መቶ አሥራ ሁለት" አለ በመጨረሻ። "ከስድስት ሺህ! ፍንዳታው ጨርሷቸዋል በሉኛ።" ቅጹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ። "ምክንያት በሚለው ላይ በጽሑፍዎ ያሉትን አሰፍራለሁ። እርስዎ እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ።"

ብዕሩን ሰጠኝ።

የምቆጣው ሰው ፈለግሁ። ቁጣ ሁልጊዜ ሰው አያጣም፤ የእኔማ በተለይ። ደብዳቤዬን ያልመለሱት ቢሮዎች፣ ኩስ ለቃሚዎቹ፣ ድርጅቱ... በየተራ ጠራኋቸው። ማናቸውም ያንን ብረት አልበየዱም። የበየደው ሰውም ቢሆን አስቀድሞ ነግሮኛል።

ብፈርም ኮረብታው ይድናል። ሰሜኑ ፊት ቢቆፈር ምንጩ እንደሚደፈርስ እውነት ነው። ከተማው የሚጠጣው አቧራ እንደሚሆን እውነት ነው። ዋሻው ከፈረሰ እንደማይሠራ እውነት ነው። ይህ ሁሉ እውነት በእኔ በኩል ቆሞ የሚጎድለው አንድ ውሸት ብቻ ነበር፤ እሷም ተጽፋ ተዘጋጅታለች። ወንድሜ ደግሞ አንዴ ተባሯል፤ ስሙ በመንግሥት ማኅደር ውስጥ ቢታሰር ከዚህ በላይ ምን ይሆናል ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ቆዳውን እገፈው ነበር።

"ፍንዳታው አይደለም" አልኩት።

"እ?"

"በሩ ነው። እኔ ያስበየድኩት በር። መውጣት አቅቷቸው ነው። ሲወድቁ ጉጉቷ ትለቅማቸዋለች፤ የተረፉት ጥለው ሄደዋል።"

ወደ ፍርግርጉ አየ፣ ወደ እኔ አየ። "መምህርት፣ የሚሉትን ያውቁታል? ሰሜኑ ፊት ሄደ ማለት እኮ ነው።"

"አውቀዋለሁ።"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ ምንም አላየሁም። ጨልሟል፤ ዐይኔም እንደ ጉልበቴ ነው። ይፈርሙና እንውረድ።"

ደግ ሰው ነበር። ለዚህ ነው የጮኽኩበት። "አንተ ባታይ እኔ አይቻለሁ! የመጣኸው ልትመረምር ነው ወይስ ጉልበትህን ልታሳርፍ? ሰርዘው!"

ሰረዘው። ከላዩ የነገርኩትን ጻፈ። ፈረምኩ። እስከ መኪናው ድረስ መንገዱን እያበራሁለት ወረድን።

በማግስቱ በያጁን አስጠራሁት። መጥቶ ፍርግርጉን አየ፤ ወደ መሬቱም አየ። "ነግሬዎት አልነበረም?" ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። መነጽሩን አጥልቆ ቆረጠው።

ከዚያ ወደ ከተማ ወረድኩ። መጋዘኑ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ነው፤ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለው። ወንድሜ ከበሩ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ የገቡ መኪናዎችን ታርጋ ይመዘግባል። ጢሙ ሸብቷል። ሲያየኝ ብድግ አለ።

"እንደምን ዋሉ።"

"እኔን አንቱ ትለኛለህ?"

"ታላቄ ነዎት።"

እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጉጉቷን፣ ክንፎቹን፣ ቅጹን። እጁን የበሩ መወርወሪያ ላይ አድርጎ አዳመጠኝ።

"በስንት ነበር የተራራቀው?"

"በአራት ጣት።"

አራት ጣቱን ገጥሞ አየው። ከዚያ አውራ ጣቱን ለየና መዳፉን እስከሚችለው ዘረጋው። "በስንዝር ቢሆን ይበቃቸው ነበር" አለ። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ድንጋይ የት ላይ ቢመታ እንደሚሰነጠቅ ሲያስረዳ የሚናገርበት ድምፅ ነው።

"ጋዜጣው ላይ ይጽፉታል?"

"እጽፈዋለሁ።"

"ያኛው ግማሽ ገጽ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

የጭነት መኪና መጥቶ ጥሩምባ ነፋ። በሩን ከፈተ፤ ታርጋውን ለመመዝገብ ተከትሎት ገባ። ጥቂት ጠበቅሁ። መኪናው ሲራገፍ ቆየ። እሱም ከውስጥ ቆየ።

ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። ከጻፍኩት ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። አዘጋጁ ስልክ ደውሎ "መምህርት፣ ተሳስቻለሁ የሚል ጽሑፍ ማን ያነብልናል?" አለኝና በአምስት መስመር አሳጥሮ በመጨረሻው ገጽ፣ የጠፋ የመኪና ሊብሬ ከሚፈለግበት ማስታወቂያ ሥር አወጣው። እንደ ልማዴ ሰደብኩት። አምስት መስመሩ ግን ስድስት አልሆነም።

ሰሜኑ ፊት በወሩ ተሰጠ። መፍጫው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ይጀምራል፤ ወጥ ቤት የደረደርኳቸው ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጣሉ። ወደ ዋሻው ገና አልደረሱም፤ ይደርሳሉ። ወፎቹ በተከፈተው አፍ በሰፊው ይወጣሉ፤ የሄዱት ግን አልተመለሱም።

ጋዜጣው በወጣ ቀን አንድ ቅጂ ገዝቼ አምስቱን መስመር በብዕር ከብቤ ወደ መጋዘኑ ወሰድኩ። በርጩማው ላይ ያለው ሌላ ሰው ነበር። የወንድሜ ተራ ማታ ነው አለኝ። ጋዜጣውን አጥፌ ሰጠሁት።

"ከማን ልበለው?"

"ከእህቱ።"

ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። "እህት አለችው እንዴ? ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን አልነገረኝም።"

"አለችው" አልኩትና የኮረብታውን መንገድ ያዝኩ።