አንቱ የተባባልንባቸው ወራት

ባሌ አንቱ ያለኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመና፣ «ይቅርታ፣ ጨርሰዋል?» አለኝ። እኔም አፌ በጥርስ ሳሙና እንደተሞላ፣ «ጨርሻለሁ፤ ይግቡ ጌታዬ» አልኩት። ደሜ ፈላ፤ ግን አልገረመኝም።

በእኛ ቤት ኩርፊያ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ዕቃ አልተወራወርንም፤ አልተሰዳደብንም። ስንጣላ አንቱ እንባባላለን። «ራት ቀርቦልዎታል።» «እግዜር ይስጥልኝ፣ አልራበኝም።» በመስኮት የሚሰማን ሰው እንዴት ቢከባበሩ ነው ይላል። አንዳችን «አንተ» ወይም «አንቺ» ብሎ ካመለጠው ጠቡ እዚያው ያበቃል። ከዘጠኝ ቀን አልፎ አያውቅም።

ያን ሰሞን ደግሞ የሚያጣላ ነገር ነበረን። ልብስ ሰፊዎች ነን። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፤ እኔ እገጣጥማለሁ፣ የቁልፍ ቀዳዳ እሠራለሁ። ሰኞ ዕለት ለአንድ ጠበቃ የቆረጠውን ኮት ልገጣጥም ስዘረጋው ሁለቱም እጅጌ የግራ ነው። ጨርቁን ያመጣው ራሱ ጠበቃው ነው፤ ትራፊ የሚባል ነገር የለውም። ጠበቃው እዚያው ቆሞ እያለ፣ «ሰውየው ሁለት ግራ እጅ አለው እንዴ? ወይስ ዓይንህን ቤት ረስተኸው መጣህ?» ብዬ ጮህኩበት። የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው፣ በደንበኛ ፊት፣ የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ አንገቱን ደፋ። በማግስቱ አንቱ ሲለኝ ቂም ይዟል አልኩ። ይያዛ! አልኩ በሆዴ።

ዘጠኙ ቀን አለፈ። ሁለት ሳምንት ሆነ። አንቱታው የወትሮው አልነበረም፤ ምንም ሽሙጥ የለበትም፣ ለእንግዳ እንደሚባለው ለስለስ ያለ ነው። ይሄ ደግሞ ይብሱን አበገነኝ። ማሾፉን ተክኖበታል ብዬ እኔም አልሰነፍኩም። በር ከፍቼ «ይቅደሙ» እለዋለሁ። ሸሚዙን በሁለት እጄ አቀብለዋለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት የስፌት መኪናዬ ላይ አጎንብሼ ሳለሁ ከኋላዬ መጣና፣ «አንቺ፣ መርፌ አጣሁ እኮ» አለኝ።

ልቤ ዘለለ፤ አልዋሽም። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አንቱ ስባል ከርሜ ለአንዲት መርፌ ብዬ የምታረቅ ሴት አይደለሁም።

«መሳቢያው ውስጥ አለልዎት» አልኩት፣ ቀና ሳልል።

 የሆነ ነገር ሊል ጉሮሮውን ጠረገና ተወው። እንዲህ ያለ ቀን ከዚያም በኋላ አራት አምስት ጊዜ መጥቷል። ሁሉንም በአንቱ መለስኩት። ይለማመጠኝ፣ እግሬ ሥር ይውደቅ ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ ወዲያ አንቺ ማለቱ ጭራሽ ቀረ።

በስምንተኛው ወር ታላቅ እህቱ መጣች። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበረች፤ ጡረታ የወጣችው ግን ከቢሮው እንጂ ከዳይሬክተርነቱ አይደለም። ሱቃችን ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጀመረች።

«ወንድሜን ምን አድርገሽው ነው? ሱሪውን ገልብጦ ለብሶ የልብስ ሰፊ ሚስት ዝም ብላ ታያለች?»

«አፍ አለው፤ ራሱን ጠይቂዋ፣ እትዬ።»

«ልጅ አላሳደግሽ፣ ምን ሥራ በዝቶብሽ ነው አንድ ሰው መያዝ ያቃተሽ?»

ይህቺን የልጅ ነገር ለሃያ ሁለት ዓመት በየሰበቡ ስትመዛት ኖራለች። የያዝኩትን መቀስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ በእጄ መያዙ ለሁለታችንም ጥሩ አልነበረም። እሷ ግን ወንድሟን ክንዱን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። እኔም ተከተልኳቸው፤ እዚያ ሄዳ እንዳታማኝ።

ሐኪሟ ሰዓት ይሣሉ አለችው። ክቡን እንደ ልማዱ እርሳሱን ሳያነሣ አዙሮ አሳምሮ ሣለው። ቁጥሮቹን ግን ሁሉንም በአንድ ወገን አጨቃቸው። ከዚያ ሐኪሟ ወደ እኔ ጠቆመች።

«እኚህ ማን ናቸው?»

ፈገግ አለ። «ጎበዝ ባለሙያ ናቸው። የቁልፍ ቀዳዳ እንደሳቸው የሚሠራ አላየሁም።»

«ባለቤትዎስ?»

«ዛሬ አብራን አልመጣችም።»

የበሽታው ስም ከምርመራው በኋላ መጣ፤ አልዛይመር። እህቱ፣ «የሽማግሌ በሽታ አይደል እንዴ? ወንድሜ ገና ጎልማሳ ነው!» ብላ ሐኪሟ ላይ ጮኸች፤ ሐኪሟ ያሳመመችው ይመስል። ሐኪሟም በዚህ ዕድሜ የሚጀምራቸው ሰዎች እንዳሉ፣ አንዳንዱን ቀድሞ የሚመታው ፊት መለየቱ ላይ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ጠፍቶበት በማግስቱ ሊመለስለት እንደሚችል አስረዳችን።

ሊመለስለት እንደሚችል። እኔን የሚያውቅባቸው ቀናት ነበሩ ማለት ነው፤ እነዚያን ቀናት ደግሞ ምን እንዳደረግኳቸው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ራሴን ጠላሁት። ራስን መጥላት አድካሚ ስለሆነ ወዲያው ወደ እህቱ አዞርኩት።

ቅዳሜ ባዶ ሻንጣ ይዛ ቤታችን መጣች። እሱ ሲያያት፣ «እትዬ!» ብሎ ተነሣ። እኔን የዘነጋ ሰው እሷን ከነቁጣዋ አልረሳትም! ሸሚዞቹን ከቁም ሳጥኑ እያወጣች ታጭቅ ጀመር።

«እኔ ጋ ይኖራል። አንቺ ሱቅሽን ያዢ።»

«ባሌ ነው፤ የትም አይሄድም» አልኳት።

«ባልሽ ነው? እስቲ እሱን ጠይቂው።» ወደ እሱ ዞረች። «የኔ ወንድም፣ እኔ ቤት ትሄዳለህ ወይስ እዚህ ትቀራለህ?»

 «ሚስቴን ሳልነግራት እንዴት እሄዳለሁ፣ እትዬ? አኩርፋለች። አንቺ ስላት አንቱ ትለኛለች። ምን እንዳደረግኳት ጠፍቶኛል። ብዙ ነገር እየጠፋኝ ነው፤ ይሄኛውን ግን ብትነግረኝ ይቅርታ እጠይቃት ነበር።»

አላስቻለኝም። ዘልዬ ክንዱን ያዝኩት። «አንተ! እኔ ነኝ እኮ! ምንም አላደረግከኝም። እየኝ እንጂ አንተ!»

ክንዱን መንጭቆ አስለቀቀኝ። ፊቱ ቀላ። «እመቤቴ፣ ምን ነካዎት? ከእህቴና ከሚስቴ በቀር አንተ የሚለኝ ሰው የለም።» ሄዶ የሻንጣውን እጀታ ጨበጠ። «እንሂድ፣ እትዬ። እዚህ ቤት ክብር የለም።»

«አየሽ?» አለችኝ እህቱ። ደስ ያላት ይመስላል።

ጥፊ እጄ ላይ መጥታ ነበር። መለስኳት። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ራቅሁና እጄን አጣምሬ ቆምኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ደፈርኩዎት» አልኩት። «ባለቤትዎ ናት የላከችኝ። ምንም አላስቀየምዎትም። ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ራሷ ናት ይህን ያለችው። እስክትመጣ የትም እንዳይሄዱባት ለምናለች።»

እጀታውን እንደያዘ አየኝ። «እሷ ናት እንዲህ ያለችው?»

«እሷ ናት።»

«ትመጣለች?»

«ትመጣለች።»

ሻንጣውን ለቀቀው። እህቱ አፏን ስትከፍት፣ «አንዲት ቃል!» አልኳት በጥርሴ መሃል፤ «አንዲት ቃል ተንፍሺና አብረን እንበድ።» እድሜዋን ሙሉ ሰው ስታዝ የኖረች ሴት፣ ሸሚዞቹን አልጋው ላይ መልሳ አስቀመጠችና ወጣች። በሩን አላላተመችውም።

እሱ ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠ፤ የአንገቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ጸጉሩን በመዳፉ አስተካከለ። አጠገቡ ሌላ ወንበር ነበር።

«ልቀመጥ?» ብዬ አስፈቀድኩት።

«ይቀመጡ እንጂ» አለኝ። «አብረን እንጠብቃታለን።»