ማዳም ኢሎንካ ዘንድ ለቅሶ የደረስን ቀን

መርዶ በፖስታ ይላካል? እኔ ሥርጉት ያን ሐሙስ ባስታወስኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ነገሩ ጭራሽ መርዶ እንዳልነበረ እያወቅሁም ይፈላል።

ዘመኑ 1930 ዓ.ም. ነው፤ ጣልያን ደሴ ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ፒያሳ ካለ አንድ ሆቴል አልጋ አነጥፋለሁ፣ አንሶላ አጥባለሁ። ማዳም ኢሎንካ ያረፈችው እዚያ ነበር። ሀንጋሪ ከሚባል አገር የመጣች የፊልም ተዋናይ ናት። አስተርጓሚው ሞላልኝ ወሬ ሆዱ ውስጥ አያድርም፤ ታሪኳን በሙሉ ዘርግፎልኛል። ፊልም ድምፅ ባልነበረው ጊዜ እሷን ለማየት ሰው በብርድ ይሰለፍ ነበር አሉ። ዓይኗ እንባ ሲያቀርር አዳራሹ በሙሉ ያለቅሳል። ኋላ ፊልም መናገር ሲጀምር እሷም አፏን ከፍታ ተናገረች፤ ሰዉ ግን ሳቀ። ድምፅዋ ወፍራምና ሻካራ ነው፤ ከዚያ ፊት ይወጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ፊልም የሰጣት የለም። ከአስመራ እስከ ደሴ እየዞረች ለወታደሮቹ ፈገግ ማለት ሆነ ሥራዋ፤ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ።

አሁን ግን ቅዳሜ በሲኒማ ቤቱ መድረክ ላይ በገዛ ድምፅዋ ቲያትር እንድትሠራ ተጠይቃለች። ዳግመኛ ከሳቁባት አበቃላት፤ አገሯ ገብታ ባርኔጣ መስፋት ነው። እሺም እምቢም ሳትል ሰነበተች። ምግብ እንኳ አልበላ ብሏት ሳህኑን እንዳለ ነበር የምመልሰው። አሳዘነችኝ።

ሐሙስ ጠዋት የኮምቦልቻው ፖስታ መኪና የታሸገ ወረቀት አመጣላት። ደረጃው ላይ ቆማ ገለጥ ገለጥ ስታደርግ ፊቷ አመድ መሰለ። ክፍሏ ገብታ በሯን ቆለፈች። ጓሮ አንሶላ ሳሰጣ በመስኮቷ በኩል ሰማሁት። ለቅሶ ነው! ከሆድ እየተንሰፈሰፈ የሚወጣ፣ መሀል ላይ ቆም ብሎ ስም የሚጠራ፣ ደግሞ የሚነሣ ለቅሶ።

እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ነው፤ የሚወድቀውን ሰው የሚይዝ ክንድ እንዲኖር። ይቺን ምስኪን በወረቀት ነግረው፣ ብቻዋን በሰው አገር ሊያስለቅሷት! አንሶላውን ጥዬ ጎረቤቴ ዘሀራ ዘንድ ሮጥኩ።

«ዘሀራ፣ ማዳሚቱ ተረድታለች!»

«ያረቢ! ማን ሞተባት?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ብቻዋን ትጮኻለች።»

«ጣልያን ናት እንዴ?»

«አይደለችም።»

ዘሀራ፣ «ብትሆንስ? ያለቀሰ ሰው ብቻውን አይተውም፤ ወላሂ ነውር ነው» ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

ከምሳ በፊት የሆቴሉ ጓሮ በሴት ሞላ። እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ፤ ንፍሮ ያመጣችም አለች። ሌላ ጊዜ ጥቂት ሰው ሲሰበሰብ የሚበትኑን ወታደሮች የፈረንጅ ሐዘን መሆኑን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ከላይ ድምፅዋ ይወርዳል፣ ከታች እኛ እንቀበላለን። መጀመሪያ ለእሷ ነበር ያለቀስኩት። ኋላ ግን ማይጨው የቀረው ወንድሜ በላቸው መጣብኝ። በእሱ ጊዜ ማን ተሰብስቦ ማን ያለቅሳል? እንባዬን ዋጥ አድርጌ አንሶላ ማጠብ ነበር የያዝኩት። ያን ቀን በወታደሮቹ ፊት፣ ደረቴን እየመታሁ፣ ስሙን እየጠራሁ አለቀስኩት።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ማዳም ኢሎንካ ወረቀቷን ይዛ ደረጃው ላይ ብቅ አለች። ዓይኗ ላይ እንባ የለም። እኛን ስታይ ደነገጠች፤ ሞላልኝን ጠርታ አንድ ነገር ጠየቀችው። እሱም ከእኛ ሰምቶ ነገራት፤ ከእሷም ሰምቶ ወደ እኛ ዞረ፤ ሳቁን ለመያዝ ይታገላል።

«የሞተባት የለም። ወረቀቱ የቲያትሩ ቃል ነው፤ ስትለማመድ ነበር።»

ሁሉም ሴት ወደ እኔ ስታይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ዘሀራ፤ «እንኳን አልሞተባት! ምን ያስኮርፋል?» ንፍሮውን አንስታ ለማዳም ኢሎንካ ዘገነችላት። ሴቱ ሁሉ እፎይ አለ፤ ሳቅም ተነሣ። ማዳሚቱ ግን ሳቁን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። ቀስ ብላ ሞላልኝን አናገረችው።

«በድምፅዋ ነው ወይ የምትስቁት? ትላለች።»

ይኼኔ ተቆጣሁ። «በእኔ ሞኝነት ነው የሳቁት በላት! ድምፅዋ ምን የሚያስቅ አለበት? ሁለት ዓመት አልወጣ ያለኝን የወንድሜን እንባ ያወጣችው በዚያ ድምፅ ነው። ይህንንም በላት።»

ሞላልኝ ሳቁን ተወና አንድ በአንድ ነገራት። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከዘሀራ እጅ ንፍሮውን ተቀብላ መብላት ያዘች፤ እንደ ራበው ሰው ነበር የበላችው።

«እስቲ አንድ ጊዜ ትድገመው» አለች ዘሀራ።

ማዳም ኢሎንካ ተነሥታ ወረቀቱን ደረጃው ላይ ተወችውና በዚያ ወፍራም ድምፅዋ ጀመረች። ማንም እንዳልሞተባት አሁን ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም ዘሀራ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ እኔም አላስቻለኝም። ማዳም ኢሎንካ እያለቀስን አየችን፤ ድምፅዋን ይበልጥ ከፍ አደረገችው።