መስታወት ውስጥ ያለው መጥረቢያ

«የፋብሪካው ባለቤት በሩን በመጥረቢያ ሰብሮ ሠራተኞቹን ከእሳት አወጣ።» ሙዚየሙ ግድግዳ ላይ የተጻፈው ይህ ነው።

ለቅሶ ቤቱ ጥግ የተቀመጡት አሮጊት፣ የፋብሪካው የድሮ ክር ፈታይ፣ ግን ሌላ አሉ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ በሩን ከውጭ ያስቆለፈውማ ባለቤቱ ራሱ ነው። ክር ትሰርቃላችሁ ብሎ።»

ሻይ የምታድለው የሟቹ የሙዚየሙ አስጎብኚ ልጅ ትሪውን አስቀመጠች።

«አባባ ያውቅ ነበር?»

«እንዴት አያውቅ፣ ልጄ? ይህን እጄን እያሳየሁ ነው የነገርኩት። አልቅሶ ሄደና ያንኑ ተረቱን ቀጠለ።» እሳት ያጨማደደውን እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ መለሱት።

አባቷ ሙዚየም የሆነውን ያንን ፋብሪካ ሲያስጎበኝ ነው ያረጀው። አንደበቱ ማር ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መስታወት ውስጥ ያለውን መጥረቢያ ያሳያል፤ ጎብኚው ያለቅሳል፤ የባለቤቱ ልጆች የሙዚየሙን ጣሪያ ያሳድሳሉ። እሷም ሙያውን የተማረችው ከእሱ ነው፤ ድምፅ ዝቅ የሚልበትን ቦታ ጭምር።

ሥራ በጀመረች ሰሞን መስታወቱን ስትወለውል፣ የመጥረቢያው እጀታ ላይ በሽቦ የታሰረ ስንጥቅ አየች። በልጅነቷ እንጨት ስትፈልጥ የሰነጠቀችው ነው።

«አባባ፣ ይሄ የቤታችን መጥረቢያ አይደል?»

«ሰው በዓይኑ የሚያየው ነገር ይፈልጋል» አለና ሳቀ። «ታሪክ ባዶ እጁን አይቆምም።»

አብራው ስቃ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሙዚየሙ ሥራ አስኪያጅ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። «ዕንቁ ሰው አጣን» አሉ፣ ከንፈራቸው ላይ የብስኩት ፍርፋሪ ቀርቶ። «አዳራሹ በአባትሽ ስም ሊሰየም ነው፤ ፎቶው ከመጥረቢያው ጎን። በምረቃው ቀን የበሩን ታሪክ አንቺ ትተርኪያለሽ። የባለቤቱ ልጆችም ይመጣሉ። ከዚያ የአባትሽን ቦታ ትይዣለሽ።»

«እግዜር ይስጥልን» አለ አጎቷ፣ እሷ አፏን ሳትከፍት። «የአባቷ ልጅ ናት፣ አታሳፍራችሁም።»

ጥግ ያሉት አሮጊት ሊሄዱ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። እሷ ሄዳ ያንን እጅ ከእጅጌው አወጣችና በሁለት እጇ ያዘችው። ደረቅ ነበር፣ እንደ ቅርፊት።

«ንግግሩን አደርጋለሁ» አለች ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ። «የምጀምረው ግን ከቁልፉ ነው፤ እኒህ እናትም አጠገቤ ይቆማሉ። መጥረቢያችንን መልሱልን።»