ስሙን አልያዝሁትም

«ስሙን ስትጠራ ምን አሉ?» አለ አያ ባፈና ከካቡ ወዲያ።

ፈጠነ ንፍሮ የሞላውን ገበታ ካቡ ላይ አስቀመጠና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከማዶ አባቱን የቀበሩት አራት ሰዎች ከአንዲት ጠባብ ጎጆ ደጅ ተቀምጠዋል። ሬሳ ነክተዋልና፣ ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ በቤተ እስራኤል ሥርዓት ሰባት ቀን ሞልቶ እስኪነጹ ድረስ ከመንደሩ ተለይተው ይቆያሉ፤ እነሱ ሰው አይነኩም፣ ሰውም እነሱን አይነካም።

«እኮ ንገረኝ፤ አባትህን ማለደ ተገኘ ብለህ ስትጠራው እነዚያ የአዲስ አበባ ትልልቅ ሰዎች ምን አሉ?»

«ወደዱት» አለ ፈጠነ።

«ወደዱት!» አያ ባፈና ወደ ሦስቱ ዞረ። «ሰማችሁ? ወደዱት ይላል።» ወዲያው ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከማለደ ጋር በአንድ መወጣጫ ላይ ቆሞ ድንጋይ የጠረበ ሰው ነው።

ፈጠነ ሽቅብ ወደ ልቅሶው ቤት ተመለሰ። ወሬው ግን በካቡ አጠገብ ባለፉ ሴቶች አፍ ቀድሞት ዳሱ ውስጥ ገብቶ ነበር። አንዲት ሴት ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ «ወደዱት አሉ» ስትል ሰማ። ከሰዓት በኋላ ከሩቅ መንደር የመጡ ለቀስተኞች ሲደርሱ ነገሩ አድጎ ጠበቃቸው፤ አዲስ አበባ በትልቁ አዳራሽ የማለደ ስም ሲጠራ ፈረንጆቹ ሳይቀሩ ከመቀመጫቸው ተነሥተዋል ተባለ። ሰዎቹ እያለቀሱ ፈጠነን በኩራት አዩት። እሱም ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተቀመጠ፤ ኀዘን የጎዳው መሰላቸው።

ወለቃ የደረሰው አባቱ በሞተ በሦስተኛው ቀን ነው። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ሲመጣ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ሲወጣ፣ ደብረ ማርቆስ አድሮ ሲነሣ፣ በልቡ የያዘው «አባዬ፣ በድዬሃለሁ» የሚል ቃል ነበር። የሚቀጥለውን ሊያገኘው አልቻለም። ፊቱ ስቆም ይመጣልኛል እያለ መንገዱን ጨረሰው። ጎንደር ሲወርድ የድሮ አስተማሪው መምህር አድማሴ ቆሞ አገኘው። ቦርሳውን ተቀበለውና «አባትህን ትንሽ አመም አድርጎታል፤ ቶሎ እንሂድ» አለው። ሰውዬው በመንገድ ሁሉ ዐይኑን ሸሸው። ወለቃ መታጠፊያ ላይ የሴቶች ጩኸት ተሰማ። ጥሩ የምትባለው ታላቅ እህቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየመታች ቁልቁል ወደ እሱ ስትሮጥ መጣች። መምህር አድማሴ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «አይዞህ» አለ፤ ሌላ አላለም።

በአራተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ጥሩ ከጎኑ መጥታ ተቀመጠች። ድምጿ ከጩኸት ብዛት ሻክሯል።

«ታሞ አራት ቀን ነው የተኛው» አለችው ሳይጠይቃት። «ጎኑን ውጋት ያዘው። ቴሌግራም ላስመታ ብዬ ብነሣ ከለከለኝ።»

«ምን አለሽ?»

«‹ልጄ አሁን ቆሞ እየተናገረ ነው። ቃሉን ከአፉ እንዳትነጥቁት፤ ሲጨርስ ይመጣል› አለኝ። እኔም እሺ አልሁ። ጥፋቴ ነው ፈጠነ?»

«የለም እታለም። ያንቺ ጥፋት አይደለም።»

«ብቻ በሩን በሩን ያይ ነበር» አለች። «ማኪና መንገዱ ላይ ባለፈ ቁጥር ‹ተመልከቺ እስቲ› ይለኝ ነበር።»

ፈጠነ እጇን ሊይዝ ፈለገ፤ እሷ ግን አዲስ ለቀስተኛ ሲገባ አይታ ተነሣች።

ማለደ ተገኘ በጎንደር ከፋሲል ግቢ ጠጋኞች አንዱ ነበር። ጣሊያን ሳይመጣም፣ ጣሊያን እያለም፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላም እዚያ ግንብ ላይ ነበር። ቁመቱ አጭር ነው፤ መሬት ላይ ሲራመድ ያነክሳል። መወጣጫ ላይ ሲቆም ግን ማንከሱ ይጠፋል። ወሬ አያበዛም፤ የሚያወራው ከግድግዳ ጋር ነው ብለው ይቀልዱበታል።

ባለፈው ክረምት፣ በሃምሳ ሰባት፣ ፈጠነ ለመመረቂያ ጥናቱ ስለ ግንቦቹ አሠራርና ጥገና ሊጽፍ መጣ። ከዩኒቨርሲቲው መጻሕፍት ይዞ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ እየለካ፣ እየሣለ፣ ከግንቡ ሥር ሲዞር አባቱ ከላይ ሆኖ ዝም ብሎ ሲያየው ቆየ። አንድ ቀን ወረደና የመዶሻውን እጀታ ሰጠው።

«ምታው» አለው። «እዚህ ጋ። ምን ይላል?»

«ኳ ይላል።»

«አሁን እዚህ ምታው።»

ሁለተኛው ድፍን፣ የታፈነ ድምፅ ሰጠ።

«ይኼኛው ጣሊያን የለጠፈው ሲሚንቶ ነው» አለ ማለደ። «የፊተኛው የጥንቱ ኖራ ነው። ኖራ ይተነፍሳል ልጄ። ውሃውን ይጠጣና ፀሐይ ሲመጣ መልሶ ይተፋዋል። ሲሚንቶ ግን አፍኖ ይይዘዋል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይበላዋል። እያቸው፤ የተሰነጠቁት ሁሉ በሲሚንቶው ዳር ያሉት ናቸው።»

ያን ክረምት አባትና ልጅ ግንቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንኳኩት። ማለደ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ያስጠጋል፤ «የጥንት ነው» ወይም «የጣሊያን ነው» ይላል፤ ፈጠነ ይጽፋል። ምሳቸውን ጥላ ሥር ተቀምጠው ከአያ ባፈና ጋር ይበላሉ። ፈጠነ ስምንት ዓመት በትምህርት ከቤት ርቆ አባቱን የሚያውቀው በዕረፍት ወራት ብቻ ነበር። ሰውዬውን የተዋወቀው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። አሁን ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ የሚናፍቀው ያንን ነው፤ አባቱ ዐይኑን ጨፍኖ፣ አፉን በትንሹ ከፍቶ፣ ግድግዳ የሚያዳምጥበትን ሰዓት።

በየካቲት አዲስ አበባ የጥናት ጉባኤ ተጠራ። ስለ ጥንታዊ ሕንፃዎች አጠባበቅ አምስት ቀን የሚመከርበት ነው፤ ከውጭም ከውስጥም ሊቃውንት ይመጣሉ። ፈጠነ ጽሑፉ ተቀባይነት አገኘለት። ወደ ጎንደር ብቅ ብሎ የመጨረሻዎቹን ልኬቶች ሲወስድ አባቱ ግልባጩን አየው።

«ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው አባዬ።»

ማለደ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወረቀቱን ተቀበለ። ማንበብ አያውቅም። ከላይ የተጻፈውን በጣቱ ነክቶ «ይኼ አንተ ነህ፤ ፈጠነ ማለደ» አለ። «የትምህርት ወረቀትህ ላይ አይቼዋለሁ። ውስጡስ? ያስተማርሁህ እኔ የት ነኝ?»

ፈጠነ ደነገጠ። በጽሑፉ ውስጥ አባቱ የለም። «የአካባቢው ባለሙያዎች እንደሚሉት» የሚል አለ፤ «እንደሚታወቀው» የሚል አለ። ገጹን ገለጠና መጀመሪያ ያገኘው ቃል ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«እዚህ ነህ» አለ።

የጠቆመው «እንደሚታወቀው» የሚለውን ነበር። ማለደ ቃሉን ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው።

«ሸጋ» አለና ወረቀቱን መለሰለት።

ፈጠነ ስሙን ያልጻፈው ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ወለቃ ተወለድሁ ብሎ አያውቅም። «ጎንደር ነኝ» ይላል፤ ይበቃል። ጉባኤው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን፣ አንድ መኝታ ክፍል የሚጋራው፣ እንጀራውን ከእሱ ጋር በአንድ ትሪ የሚቆርስ ጓደኛው ሻይ ላይ ስለ ጎንደር ሲያወራ እየሳቀ «እዚያ ከከተማው አጠገብ ያሉትን ግንበኞችና ቀጥቃጮች ታውቃቸዋለህ? ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባላል» አለው። ሌሎቹም ሳቁ። ፈጠነም ሳቀ። ጽሑፉን ያቀረበው በማግስቱ ነው።

ጥሩ አድርጎ አቀረበው። ስለ ኖራና ስለ ሲሚንቶ ሲናገር አዳራሹ ጸጥ አለ። ሲጨርስ አንድ ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ ፊታቸው ደግ የሆነ ምሁር ተነሡ።

«ይህን ሁሉ መጽሐፍ ላይ አላገኘኸውም» አሉት። «ከማን ተማርከው? እዚህ ብናመጣውና እኛም ብንጠይቀው ደስ ይለን ነበር።»

ፈጠነ ጓደኛውን አየ። በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጦ ፈገግ ብሎ ያየዋል።

«ከአንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነው» አለ።

«ስሙ ማን ይባላል?»

«ስሙን አልያዝሁትም።»

ፊቱ ባለው ጠረጴዛ ላይ የቆመው ካርድ «ፈጠነ ማለደ» ይላል። ምሁሩ «ያሳዝናል» ብለው ተቀመጡ። የቀሩትን ሁለት ቀናት ምግብ አልወረደለትም። ጉባኤው እንዳለቀ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተነሣ።

በስድስተኛው ቀን ሰው በዛ። ከከተማ የፋሲል ግቢ ሠራተኞች መጡ፤ ክርስቲያኖችም መጡ፤ መምህር አድማሴም መጣ። ሴቶቹ ክብ ሠሩ። ጥሩ መሀል ገብታ አባቷን እየጠራች ማልቀስ ጀመረች። ስለ መዶሻው አለች፤ ስለሚያነክሰው እግሩ አለች፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ስላሳለፋቸው ዓመታት አለች። ሴቶቹ ይቀበሏታል። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስምህ በንጉሡ ከተማ ተጠራልህ፣ ሊቃውንት ተነሡልህ፣ ልጅህ በአደባባይ አቆመህ አለች። አራቱ ቀባሪዎች ከታች ካሉበት ጎጆ ሆነው እንደሚሰሙ ፈጠነ ያውቃል።

ከተቀመጠበት ተነሣ።

«እታለም፣ ተይ።»

አልሰማችውም። ክቡን ሰንጥቆ ገባ።

«ተይ እታለም። አልተጠራም።»

ልቅሶው ጎደለ። አንዲት ሴት ብቻ ከኋላ ጥቂት ቀጥላ ዝም አለች።

«ምን አልህ?» አለች ጥሩ።

«ስሙን አልጠራሁም። ጠየቁኝ። ማን አስተማረህ ብለው ጠየቁኝ፤ ስሙን አልያዝሁትም አልኋቸው። ማንም አልተነሣም። እኔ... አባቴ ነው ማለት አፈርሁ።»

ዳሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ወደ መሬት አየ። ጥሩ ልትመታው እጇን አነሣች። እጇ መንገድ ላይ ቀረ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና ጀርባዋን ሰጥታው ለቅሶዋን እንደ አዲስ ጀመረች፤ አሁን ቃል የለውም፤ ጩኸት ብቻ ነው። ሴቶቹ ዙሪያዋን ዘጉት። ፈጠነ ውጭ ቀረ።

እግሩ ቁልቁል ወሰደው። አያ ባፈና ካቡ አጠገብ ቆሞ ነበር።

«ሰማሁ» አለ ሽማግሌው።

«ዋሸሁህ አያ።»

«ሰማሁ አልሁህ። አባትህም ያውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ወረቀቱ ላይ አለመኖሩን። ሦስት ፊደል እንደሆነ ያውቃል ስሙ። ያንተ ስም ባለበት ሁሉ ከኋላ ያየዋላ! አንተ ያሳየኸው ረጅም ነበር አለኝ። ቆጥሮታል፤ ስምንት ነው አለኝ።»

ፈጠነ ካቡን ያዘ።

«ምነው ሳይነግረኝ?»

«እኔም ንገረው ብዬዋለሁ። ከፍቶት ነበር፤ ለምን እዋሽሃለሁ? ሁለት ቀን ምሳውን ሳይነካ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ‹ልጁ እዚያ ሲኖር የሚያየውን እኔ አላየሁለትም› አለ። ‹ተው፣ ሲመለስ ራሱ ይነግረኛል፤ ውሸት አያስተኛውም፣ ልጄን አውቀዋለሁ› አለኝ። ሲታመምም የጠበቀህ ለዚያ ነው። ለሌላ እንዳይመስልህ።»

«ልነግረው እየመጣሁ ነበር» አለ ፈጠነ። «አያ፣ ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ ላይ... ልነግረው ነበር የመጣሁት።»

«ይሆናል» አለ አያ ባፈና። «ይሆናል ልጄ።»

ከላይ የሴቶቹ ድምፅ ይሰማል። ሦስቱ ቀባሪዎች ወደ ጎጆው ገቡ፤ ሆን ብለው ነው የገቡት።

«መጨረሻ ላይ አጠገቡ ማን ነበር?»

«እኔ ነበርሁ። እህትህ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር።»

«ዐይኑን የከደንኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«በየትኛው እጅህ?»

አያ ባፈና ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ ከጋቢው ሥር አወጣ። ፈጠነ ክንዱን በካቡ ላይ ዘረጋ።

«ተው» አለ ሽማግሌው ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ። «ከነካኸኝ አንተም ከእኛ ጋር ውጭ መቅረትህ ነው። ወደ ለቀስተኛው አትመለስም፤ ቤት አትገባም።»

«አልገባም» አለ ፈጠነ።

ካቡን ተሻገረ። ሻካራውን መዳፍ በሁለት እጁ ያዘና ጎንበስ ብሎ በራሱ ሁለት ዐይኖች ላይ አሳረፈው።