አማት፣ አማችና የጠፋው ኔትወርክ

ኤሌክትሪሺያኑ አማቱን የዓይን ሞራ ሊያስገፍፍ ባሕር ማዶ ሲሄድ የተማመነው ስልኩን ነበር። ቋንቋ ይተረጉማል፣ መንገድ ይመራል፣ አገር ቤት ከቀረችው ሚስቱ ጋር ያገናኛል። እዚያ ሲደርሱ ግን ሲም ካርዱ አልሠራም። የሆቴሉ ዋይፋይም እንግዳ መቀበያው ጋ ብቻ፣ ያውም ደስ ሲለው ነው የሚይዘው። ስልኩ ሰዓት ማያ ሆኖ ቀረ።

ይህስ ባልከፋ። የከፋው ሆዱ ነው። የእሱና የአማቱ ክፍል የሚጋሩት አንድ መጸዳጃ ቤት ሲሆን፣ በሩ ከወረቀት አይሻልም። አማቱ ከበሩ ማዶ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እየሰማ እንዴት አድርጎ? ያዘው፣ ያዘው፣ በኋላ እሱ ያዘው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ።

«ልጄ፣ ምነው ፊትህ ገረጣ?» አሉት።

«ምንም አይደል እማማ፣ አየሩ ነው።»

«አየሩማ ቢወጣልህ ጥሩ ነበር።»

እየጎተቱ ፋርማሲ ወሰዱት። ሰልፉ ረጅም ነው። ተራው ሲደርስ ስልኩን አወጣ፤ ያለ ኢንተርኔት መተርጎሚያው ዝም አለ። ሆዱን እያሻሸ ቢያሳያት፣ ፋርማሲስቷ ነፍሰ ጡር ሴት የተሳለችበት ካርቶን አመጣችለት።

«ዞር በል» አሉ አማትየው። ቦርሳቸውን አስያዙት፤ የታከመው ዓይናቸው በፋሻ እንደተሸፈነ ባንኮኒውን ይዘው ቁጢጥ አሉ። አማጡ። ደም ሥራቸው እስኪገተር አማጡ። ከዚያ ዞረው ወለሉን አዩ፤ ምንም የለም። ሐዘን እንደደረሰበት ሰው መዳፋቸውን ዘረጉ።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ፋርማሲስቷ እንባዋን እየጠረገች ሽሮፕ አመጣች፤ የሱቁን ዋይፋይም ስልኩ ላይ ከፈተችለት። መተርጎሚያው ነፍስ ዘራና ጥያቄዋን ጮክ ብሎ፣ «ስንት ቀን ሆነዎት?» አለ።

«እኔ አይደለሁም፣ አማቼ ነው» አሉ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው። «ከመጣን ጀምሮ ነው። እኔን አፍሮ።»

ስልኩ ይህንንም ለሰልፈኛው ሁሉ አስተላለፈ። ኤሌክትሪሺያኑ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ምን ታየኛለህ? ባሌም እናቴ ቤት ሲያድር እንዲሁ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና» አሉት ሲወጡ።

ማታ ሽሮፑን ጠጣ። አማቱ ቴሌቪዥኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው፣ አንድ ቃል የማይገባቸውን ዜና በጽሞና ተከታተሉ። እሱም ተገላገለ።

ከዚያ ወዲህ ዋይፋይ ፍለጋ መንከራተቱን ተዉት። ትራስ ሲያስፈልጋቸው እሱ እንግዳ መቀበያው ፊት ተጋድሞ አንኮራፋ። ሳሙና ሲያልቅ እሳቸው ብብታቸውን አሽተው አሳዩ። አንድ ቀን ምግብ ቤት ገብተው እንቁላል አማራቸውና፣ ዶሮ ማን ይሁን በሚለው ተከራከሩ።

«እኔ ሕመምተኛ ነኝ» አሉ አማትየው።

እሱ ክንፉን ዘርግቶ ተነሣ።