የጉንፋናሙ መርማሪ ሳል

ኦፕሬተሯ የጉንፋናሙን መርማሪ መጻሕፍት ስንት ጊዜ እንዳነበበቻቸው ራሷም አታውቅም። ዓይኗ ብርሃን ሳለው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ላይ ትሠራ ነበር። ጥሪው ጋብ ባለ ቁጥር መጽሐፉን ከጉልበቷ ላይ ትገልጣለች። መጀመሪያ ያነበበቻቸው እንደ ማንኛውም ሰው ገዳዩን ለማወቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ጥድፊያው ቀረና ሌላ ዓይነት ደስታ መጣ። ገዳዩን እያወቁ፣ ሬሳው አጠገብ ቆሞ «ወይኔ ጓደኛዬን» ሲል መስማት። ደራሲው ፍንጩን የት የት እንደሸጎጠ እየለቀሙ «አንተ ተንኮለኛ፣ ለካ እዚህ ጋ ነግረኸኝ ነበር» ማለት። ሰዎች «ያለቀለትን ነገር ደግማ ደጋግማ፣ ምን ያደርግላታል?» ሲሏት «እናንተስ ያገባችሁትን ሰው በየቀኑ ታዩት የለም ወይ?» ብላ አፋቸውን ታስይዛቸዋለች።

መርማሪው አፍንጫው ዓመት ከዓመት የታፈነ፣ ኪሱ በመሐረብ የተወጠረ ሰው ነው። ሽታ የሚባል አያውቅም። ሌላው በአፍንጫው የሚደርስበትን እሱ በጆሮው ይደርስበታል፤ ሰው ሲዋሽ ትንፋሹ የት ላይ እንደሚቆረጥ ያውቃል። ኦፕሬተሯም ዕድሜዋን በሙሉ የሰው ድምፅ ስታገናኝ የኖረች ናትና የወንድሟን ያህል ትወደው ነበር።

የዓይን ግፊት ብርሃኗን ቀስ በቀስ ሲወስደው ንባቡን የተረከበችው ታናሽ እህቷ ናት። ታናሽዋ ሶፋ ሠሪ ነች። አሮጌ ወንበር ትገፍፋለች፣ ስፖንጅ ትቆርጣለች፣ ጨርቅ ትወጥራለች። ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ ማስቲሽ ማስቲሽ እየሸተተች ትመጣና እጇን ታጥባ ታነባለች። ንባቧ የራሷ ነው። የገዳዩ ተራ ሲደርስ ሳይታወቃት ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ታላቋም «አታሳብቂበት እንጂ፣ ገና ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ነን» እያለች ትቆጣታለች። ስለ ዝናብና ስለ ጣሪያ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ታናሽዋ እንደ ሩጫ ውድድር ታልፈዋለች።

ዘጠነኛውና የመጨረሻው መጽሐፍ የወጣው የኦፕሬተሯ ዓይን ጨርሶ በጨለመበት ክረምት ነበር። ያኔ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ፣ ምግብ አልበላም፣ ሰው አይምጣብኝ ብላ ነበር። ታናሽዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ መጽሐፉን አነበበችላት። በመጨረሻው ገጽ ላይ ጉንፋናሙ ገዳዩን ካጋለጠ በኋላ ወንበሩ ላይ ዘፍ ይልና «መስኮቱን ዝጉልኝ» ይላል፤ ከዚያ ሻይ ያስመጣል፤ ያስነጥሳል፤ ሌላ መዝገብ ይከፍታል። በዚሁ ያልቃል። ኦፕሬተሯ በማግሥቱ ተነሥታ ሾርባ ጠጣች።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኙን መጻሕፍት ከአንደኛው እስከ መጨረሻው ደጋግመው ወጡባቸው ወረዱባቸው። በዚህ ሁሉ ኦፕሬተሯን የሚያናድዳት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመርማሪው ሳል። ከአምስተኛው መጽሐፍ ጀምሮ ሰውየው በየደረጃው ላይ ቆሞ ይስላል፣ መሐረቡን አይቶ ቶሎ ያጥፈዋል፣ ደረቱን ይይዛል። ግን ሳሉ የትም አያደርስም። «ፍንጭ የሚመስል ፍንጭ ያልሆነ ነገር መጽሐፍ ውስጥ ማስቀመጥ አንባቢ ላይ መቀለድ ነው» ትላለች። ደራሲውን ለጎረቤት አማችው። ይባስ ብላ አንድ ቀን ስለ መጻሕፍት የሚያወራ የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ደውላ፣ ሳሉ የደራሲው ዝርክርክነት መሆኑን በኩራት ለሕዝብ አስረዳች። አዘጋጁ ጥቂት ዝም አለና «አስገራሚ አስተያየት ነው፤ እናመሰግናለን» ብሎ ወደ ሙዚቃ አለፈ።

ታናሽዋ ሌላ ከተማ የአንድ ትልቅ አዳራሽ ወንበሮችን የማደስ ሥራ አገኘችና ለተወሰኑ ሳምንታት ሄደች። ያን ጊዜ የኦፕሬተሯ ልጅ፣ አብራት የምትኖረውና ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው፣ ዘጠኙንም መጻሕፍት በድምፅ የተቀዱበትን አግኝታ ስልኳ ላይ ጫነችላት። አንባቢው ያረጀ የመድረክ ተዋናይ ነው፤ ድምፁ እንደ ከባድ በር ቀስ ብሎ ይከፈታል። ኦፕሬተሯ መጀመሪያ አፍንጫዋን ነፋች። ሆኖም ሰውየው ዝናቡን አይዘልም። ጣሪያውን፣ ጭቃውን፣ ከዝናብ የሸሹትን ርግቦች አንድ በአንድ ይናገራል። ስንት ጊዜ የተመላለሰችባቸው መንገዶች ዝናብ እንደነበረባቸው ዓይኗ ከጨለመ ወዲህ አሁን ገና ሰማች። ሽንኩርት ስትልጥም፣ ልብስ ስታጥፍም ስልኩ ከጎኗ አይጠፋ ጀመር። «እህትሽ ቦታዋን ተነጠቀች» እያለች ልጇ ትስቅባት ነበር።

ዘጠነኛው ላይ የደረሰችው አንድ ረፋድ ላይ፣ ልጇ የዕረፍት ቀኗ ሆኖ ወጥ ቤት ሳለች ነው። ኦፕሬተሯ የታጠበውን ልብስ ሶፋው ላይ ዘርግታ ታጥፋለች። ጉንፋናሙ ገዳዩን አጋለጠ። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ሐኪም ተጠራ። ሐኪሙ ጆሮውን ደረቱ ላይ ለጥፎ «ይሄ ነገር ከጀመረህ ስንት ዓመት ሆነው?» አለው። ኦፕሬተሯ እጇ ትራስ ልብስ ላይ ቆመ። ይሄ ሐኪም ከየት መጣ? ተዋናዩ ግን ሳይቸኩል ቀጠለ።

«መስኮቱን ዝጉልኝ አለ። መስኮቱ ግን ዝግ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ጥቂት አረፍተ ነገሮች ብቻ ቀሩ። በእነሱ ውስጥ ሰውየው ሞተ።

ወደ ኋላ መልሳ ሰማችው። ደግማ መለሰችው። መጀመሪያ የመጣላት ቅጂው ተበላሽቷል የሚል ነው፤ ሰው መቼም መጀመሪያ ዕቃውን ነው የሚጠረጥረው። ልጇን ጠርታ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርጂና የመጨረሻውን ገጽ አንብቢልኝ አለቻት። መጽሐፉ ሲወርድ ሰማች። ወረቀቱ ሲገለጥ ሰማች። ከዚያ ምንም አልሰማችም። ዕድሜዋን ሁሉ በስልክ መስመር ላይ ዝምታ ስትሰማ የኖረች ሴት፣ የተቋረጠ መስመርና ሰው ያለበት መስመር ለያይታ ታውቃለች።

«አንብቢ» አለች።

ልጇ አነበበች። ተዋናዩ ያለው ነው። ቃል በቃል።

«ታውቂ ነበር?»

ልጇ ያኔውኑ መጽሐፉን አንብባው እንደነበር፣ አክስቷ ለጊዜው ዝም በይ ብላ እንደለመነቻት፣ ከዚያ ጊዜው እየሄደ እየሄደ እንዴት ተብሎ እንደሚነገር ግራ እንደገባት፣ በአፏ ለመናገር ድፍረት ስላጣችም ዘጠነኛውን ከሌሎቹ ጋር እንደጫነችላት እየተንተባተበች ተናገረች። ኦፕሬተሯ ደሟ ፈላ። ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ትራስ ልብሱን ወረወረችና የት እንደወደቀ ለማወቅ እንኳ አልጠበቀችም። ከዚያ እንደ መርማሪ ትጠይቅ ጀመር። ሌላስ? ሌላስ ምን ደብቃችሁኛል? የግቢው ዛፍ አለ? አለ። ግድግዳው ቀለሙ ያው ነው? ያው ነው። ለሠርግ የምለብሰው ሰማያዊ ቀሚስስ? እዚህ ላይ ልጇ ትንፋሿ ተቆረጠ። ቀሚሱ ከነጣ ቆይቷል፤ አመድ መስሏል አለች። እናቷ ስትወደው አይታ ነው «ያምርብሻል» የምትለው።

ኦፕሬተሯ ቁም ሣጥኑን በዳበሳ ከፍታ ቀሚሱን ከመስቀያው መንጭቃ መሬት ላይ ጣለችው። አንድ መንደር ሙሉ ሰው አመድ ለብሳ ስትሽሞነሞን አይቷታል። ይሄን ያህል ጊዜ ሲስቁባት ኖረዋል ወይስ ሲያዝኑላት? የትኛው እንደሚብስ መለየት አቃታት። ታናሽዋ እስክትመለስ ድረስ ከልጇ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጠችም። ሬዲዮው ላይ የደወለችው ትዝ ባላት ቁጥር ፊቷን በመዳፏ ትሸፍናለች። ያ አዘጋጅ ያኔ ለምን ዝም እንዳለ አሁን ነው የገባት። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ሁሉ ያን ቀን ሰምቷታል።

ታናሽዋ ሻንጣዋን እንደያዘች ከመንገድ ቀጥታ መጣች። ኦፕሬተሯ ከወንበሯ አልተነሣችም። ተቀመጪም አላለቻትም።

«መስኮቱ ዝግ ነበር» አለቻት።

ሻንጣው ወለሉ ላይ አረፈ። ታናሽዋ ምን ማለትሽ ነው ብላ አልጠየቀችም፤ ይህ ብቻ ነው ያን ቀን ያስመሰገናት።

«ዓይን ያወጣ ውሸት ሲባል እሰማ ነበር» አለች ኦፕሬተሯ። «አንቺ ደግሞ ቀድሞውኑ ዓይኑ የወጣበትን ሰው መርጠሽ ዋሸሽ።»

«እትዬ፣ ያኔ የነበርሽበትን አንቺ አታውቂውም። ግድግዳው ላይ ተለጥፈሽ ነበር። በማንኪያ ስሰጥሽ ትተፊው ነበር። ጉንፋናሙ እስካለ እኔም አለሁ አልሽኝ። ገጹን ገልጬ ሳየው ሰውየው ሞቷል። ምን ላድርግ?»

«ማንበብ። ሌላ ምን? ቀልዴን ነበር።»

«ቀልድ አልነበረም።»

ኦፕሬተሯ ቀልድ እንዳልነበረ ታውቃለች፤ ይህን ማወቋም ቁጣዋን አባሰው እንጂ አላበረደውም። እሺ፣ ያን ክረምት ይሁን አለች። ያን ክረምት ማርኩሽ። ከዚያ በኋላ ግን? ሾርባውን ጠጥቼ፣ ድኜ፣ ገበያ ወጥቼ፣ ሠርግ ሄጄ፣ መጽሐፉን እንደገና ስንጀምረውስ? በየዙሩ እዚያው ገጽ ላይ ስትደርሺ አፍሽን ሞልተሽ ያንኑ ሻይ አስመጣሽልኝ።

«የጠፋው ዓይኔ ነው እንጂ ልቤ አይደለም» አለች። «ሞት መስማት እችላለሁ። እናታችንንም አባታችንንም የቀበርኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ ስታለቅሺ የያዝኩሽ እኔ ነኝ። እሱን ተይው። ደራሲው ከአምስተኛው መጽሐፍ ጀምሮ ይነግረኝ ነበር። በየደረጃው ላይ ያስለው የነበረው ለዚህ ነው። ከመጽሐፉ ሁሉ ትልቁን ፍንጭ ከእጄ ሰረቅሽኝና እኔ እዚህ ተቀምጬ ሰውየውን ዝርክርክ እያልኩ ስሰድብ ሰማሽ። በሬዲዮ ስሰድብ እንኳ ሰማሽ።»

ታናሽዋ ያን ቀን ሥራ ቦታዋ ሬዲዮ ከፍታ ነበር። ድምፅዋን ስትሰማ ጨርቅ የምትመታበትን ስቴፕለር አውራ ጣቷ ላይ መትታዋለች። ይህን ስትነግራት ኦፕሬተሯ ሳቋ ሊያመልጣት ደረሰና ጥርሷን ነከሰች። የታናሽዋ ብሶት ግን ያኔ ሞልቶ ፈሰሰ። ቀኑን ሙሉ አቧራ ውጣ መጥታ፣ ጉሮሮዋ እየከረከራት ስታነብ፣ እትዬ አንድ ቀን እንኳ ደከመሽ ወይ ብላት እንደማታውቅ ተናገረች። እዚህ ቆም በይ፣ እዚያ ዝቅ በይ፣ ገዳዩን አታሳብቂ። «ተሳስቻለሁ፤ ውሸቱም እየዋለ እያደረ ሥር ሰደደብኝ፤ እንዴት ልንቀለው? ግን አንቺም እኮ እንደ ሬዲዮ ነው የያዝሽኝ። ይኸው አሁን የማይደክመው ተገኘልሽ፣ እሱን ስሚ» አለችና ሻንጣዋን አነሣች።

«አስቀምጪው» አለች ኦፕሬተሯ። «ቁጭ በይ። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍ አንብቢልኝ።»

«ሰምተሽው የለም ወይ?»

«ከሱ ሰማሁት። ከአንቺ አልሰማሁም።»

ታናሽዋ ተቀመጠች። ስትጀምር ድምፅዋ በንዴት ደርቆ ነበር፤ ሐኪሙ ሲገባ ለሰለሰ። ዝግ የነበረው መስኮት ላይ ስትደርስ ተቆረጠ። ኦፕሬተሯ አላባበለቻትም። «ቀጥዪ» ብቻ አለች። ታናሽዋ ሰውየውን እስከ መጨረሻው አደረሰችው። ተዋናዩ ሲያነበው አንድ መርማሪ ነበር የሞተው። በዚህ የተሰነጣጠቀ ድምፅ ግን ከቤቱ ሰው አንዱ ሞተ። የኦፕሬተሯ ጉንጭ ረጠበ፤ አልጠረገችውም።

«አሁንም አልበረደልኝም» አለች በመጨረሻ። «አምስተኛውን አምጪ።»

እዚያው ጀመሩት። የመጀመሪያው ሳል የሚመጣው ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ፣ መርማሪው ከአንዲት ባለቤቷ ከሞተባት ሴት ቤት ሲወጣ ነው። ኦፕሬተሯ ይህን ቦታ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ሆኖም አሁን ስትሰማው ሌላ ነገር ሆነ። መሐረቡን የሚያጥፈው ለምን እንደሆነ፣ ሴትየዋ ከኋላው በሩን ሳትዘጋ ለምን እንደቆየች፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። እንዲህ እየተናደደች እንዲህ ደስ ሊላት መቻሉ ራሱ አናደዳት። ልጇ ሻይ አምጥታ አጠገባቸው አስቀመጠችና ማንም ሂጂ ስላላላት ቁጭ ብላ ሰማች።

ቁጣው ባንድ ቀን አልወጣም። ስድስተኛውን ሲያነቡም አለ፤ ሰባተኛው ላይ ቀነሰ። ስምንተኛው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ አመሻሽ ላይ ታናሽዋ መጽሐፉን ዘጋችው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ማንም ሳይነግርሽ ከኔ ስሚው። ቀኝ እጄ መዶሻ መጨበጥ አቅቶታል። ሐኪሙ ከእንግዲህ ሶፋ አትሠሪም ብሎኛል። አዳራሹን የጨረስኩት በግራ እጄ ነው።»

የኦፕሬተሯ ቁጣ እንደገና ቱግ ሊል ከአፏ ደረሰ። እስካሁን ለምን ደበቅሽኝ ልትል ነበር። ግን ታናሽዋ ይኸው ነገረቻት፤ ሳታሽሞነሙን፣ ሻይ ሳታስመጣ። ኦፕሬተሯ እጇን ዘረጋች።

«ወዲህ በይው።»

የእህቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ አንጓውን፣ መዳፉን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። አብጧል። አውራ ጣቱ ጨርሶ አይታጠፍም። ስትነካው ታናሽዋ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች፤ አያመኝም ግን አላለችም።

«ነገ ሐኪሙ ዘንድ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች ኦፕሬተሯ። «የሚናገረውን በጆሮዬ ልስማው።» ከዚያ ፊቷን ወደ ልጇ አዞረች። «አንቺ፣ መጽሐፉን ተቀበያት። ከቆመችበት ቀጥዪ።»