ከሆቴሉ ግድግዳ ላይ የተተረተረው ቀሚስ

ጥልፍ ሠሪዋ ሥራውን የተቀበለች ዕለት የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣ «እንግዳው ገና በሩን ሲገባ የት ሰፈር እንዳረፈ ይወቅ፤ ሌላ ሆቴል ውስጥ ሊሰቀል የማይችል ነገር ሥሪልኝ» አላት። እሷም ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተችና አንድ ሐሳብ መጣላት። በሆቴሉ ዙሪያ ካሉት ቤቶች ሁሉ አንዳንድ ያገለገለ ልብስ ትለምናለች፤ ከእያንዳንዱ ልብስ አንድ የቤት ቅርጽ ትቆርጥና ትልቅ ሸራ ላይ እንደየአቀማመጡ ትሰፋዋለች። ከሩቅ ሲያዩት ሰፈሩ፣ ጠጋ ሲሉ የሰዉ ልብስ ይሆናል።

ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀባት። «የምትለብሰው ብታጣ ነው» አሉ። እየዋለ እያደረ ግን ነገሩ ገባቸው። ዳቦ ጋጋሪው ሽርጡን ሰጣት። ጡረታ የወጡት መምህርት የጠመኔ ብናኝ ያልለቀቀውን ጋዋናቸውን አወጡላት። ቤታቸውን ለሁለት ከፍለው የተኳረፉት ወንድማማቾች የአባታቸውን ሸሚዝ መሐል ለመሐል ቀደው፣ ግማሽ ግማሹን በየበራቸው አቀበሏት።

ከጥግ ያለውን ልብስ ሰፊ ሰዉ «ሚሊሜትር» ይለዋል፤ ልኬት ሲወስድ ትንፋሽ ያስይዛል ብለው ነው። ስትሄድ ብቻውን አገኘችው። ሚስቱ የታመመች እኅቷን ልታስታምም ከሄደች ሁለት ወር ሆኗታል። የመጣችበትን ስትነግረው ሰማትና ወደ ጓዳ ገባ። ቆየት ብሎ የተተኮሰ የሕፃን ቀሚስ ይዞ ወጣ፤ ቢጫ፣ ትንንሽ አረንጓዴ ቅጠል ያለበት።

«የማን ነው ጋሼ?»

«የልጄ ነው። አሁን አይሆናትም» አላት፣ ዓይኑን ከስፌት መኪናው ሳያነሳ።

አድጋ ነው ማለቱ መሰላት። አመስግናው ወጣች። ከቀሚሱ ደረት ላይ አንድ ቆንጆ ቢጫ ቤት ወጣላት። የቀረውን ከሌላው ቁርጥራጭ ጋር በጆንያ አድርጋ ለቆሻሻ ደጅ አወጣችው።

ሊመረቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሥራው ተሰቅሎ እሷ መሰላል ላይ ሆና ጠርዙን በስፌት ስትይዝ፣ አንዲት ሴት ከዘበኛው ጋር ተጨቃጭቃ ገባች። በግድግዳው ሥር ቀስ ብላ እየተራመደች ቤቶቹን አንድ በአንድ አየች። ቢጫው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይቺን ማን ሰጠሽ?»

«ልብስ ሰፊው ናቸው እትዬ። ልጃቸው አድጋ አልሆን ስላላት...»

«ልጄ አላደገችም» አለች ሴትዮዋ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «በስድስት ዓመቷ ነው የሞተችብኝ። አራት ዓመት ሆነ።»

ጥልፍ ሠሪዋ ከመሰላሉ ወረደች።

«እኔ... አልነገሩኝም።»

«ጠየቅሽው?»

የማን እንደሆነ ጠይቃለች፤ ከዚያ ያለፈ ግን አልጠየቀችም። ቀሚሱ አምሯት ስለነበር ቶሎ ይዛው መውጣት ነበር የፈለገችው።

«ከእኅቴ ቤት ስመለስ ነው ከቁም ሳጥኑ ያጣሁት። የቀረውስ? እጅጌው፣ ታችኛው እጥፋት? አባቷ ነው የሰፋላት። ስታድግ እየለቀቅን እንድናስረዝመው ብሎ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ አጥፎ ነበር የተወው።»

«ሥራ ቦታዬ አለ» አለች ጥልፍ ሠሪዋ። «ነገ አመጣልዎታለሁ።»

ለምን እንደዋሸች ራሷም አልገባትም። ሴትዮዋ እንደወጣች እየሮጠች ሄዳ የቀረውን ጆንያ ሁሉ ገለበጠች። ምንም የለም። ቆሻሻው ወደሚጠራቀምበት ወረደች። መንገድ ጠራጊዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ ሰማቻትና፣ «እህቴ፣ የቆሻሻ መኪናው ከወሰደው ሁለት ሳምንት አለፈው። አሁን ማን ያገኘዋል?» አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት መሰላሏ ላይ ወጥታ ቢጫውን ቤት መተርተር ጀመረች። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጣ።

«ምን ሆነሻል? ነገ እኮ ነው የሚመረቀው።»

ነገረችው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማት።

«እንጋብዛቸው። የልጅቷን ስም ከሥሩ እናጽፍላት።»

«ስሟ ይጻፍልኝ አላሉም። ልብሱን ነው የጠየቁት።»

«እሺ፣ ሌላ ቢጫ ጨርቅ አስገቢበት። ማን ይለየዋል?»

«እናትየዋ በዚህ በር ፊት ለፊት ነው በየቀኑ የሚያልፉት» አለችውና በመቀሷ መተርተሯን ቀጠለች።

«እንግዲያው ቃል የገባሁልሽን የላይኞቹን ፎቆች ሥራ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» አለና ተመልሶ ገባ።

መዳፍ የምታህለውን ጨርቅ ይዛ ልብስ ሰፊው ቤት ደረሰች። ባልየው መኪናው ላይ ተቀምጧል፤ እግሩ ፔዳሉ ላይ ነው፣ ግን አይረግጠውም። ሚስትየው በሩ አጠገብ ቆማለች። ጥልፍ ሠሪዋ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ትናንት ዋሽቼዎታለሁ። የቀረውን ጥዬዋለሁ። ፈልጌም አላገኘሁትም።»

ሴትዮዋ ጨርቁን አነሳች። ገለበጠችው። ክሩ የወጣበትን ቀዳዳ በጣቷ ዳበሰችና ወደ ባሏ ዞረች።

«ለማታውቃት ሰው ሰጠሃት።»

«በየጠዋቱ ቁም ሳጥኑን ስትከፍቺ እሰማሻለሁ» አለ ልብስ ሰፊው። «ትከፍቻለሽ፣ ትቆያለሽ፣ ትዘጊያለሽ። አራት ዓመት። አንድ ቀን እንኳ ና አላልሽኝም።»

«ብጠራህ ትመጣ ነበር?»

እግሩን ከፔዳሉ አወረደ። «እንጃ» አለ። «በአንቺ ፊት ማልቀስ ፈራሁ። ልብሱ ከቤት ቢወጣ የሚቀለን መስሎኝ ነበር።»

ሚስትየው ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጥልፍ ሠሪዋ ትውጣ ትቆም ቸገራት።

«አንቺ ሂጂ» አለቻት ሴትዮዋ ሳታያት። «ይቅር እንድልሽ ግን አትጠብቂ።»

ምረቃው ተካሄደ። ሠራተኞቹ ባዶውን ቦታ ለጠየቃቸው እንግዳ፣ ገና የሚሠራ ቤት ነው እያሉ መለሱ፤ እሷም አላረመቻቸውም። በሳምንቱ መምህርቷ መጥተው ጋዋናቸውን መልሽልኝ አሏት። ምክንያቱን አልነገሯትም። እሱንም ተረተረችው።

ከወር በኋላ ዳቦ ልትገዛ ገብታ ስለ ጎረቤቶቹ ጠየቀች።

«ሚሊሜትርና ሚስቱን ነው?» አለ ጋጋሪው። «ኧረ ተያቸው፣ ይጨቃጨቃሉ። ጠዋት ይጀምሩልሻል፣ ደግሞ አብረው ያለቅሳሉ። ድሮ ከዚያ ቤት ኮሽታ አይሰማም ነበር።»

ደስ ይበላት ይክፋት አላወቀችም። ዳቦዋን ተቀብላ ስትወጣ ሴትዮዋ ከማዶ መጣች። ጥልፍ ሠሪዋ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻት። ሴትዮዋ አይታታለች፤ ግን መልስ ሳትሰጣት አለፈች።